በሰው ጠብ መዳኘት

ዘንዘልማ ላይ፣ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ምሳ ላይ የተነሣ ክርክር ነው ይህን ያስጻፈኝ። ወጣቱ መምህር ወዳጃችን ለተማሪዎቹ ስለ ሜክሲኮ ታሪክና ባህል አንድ የውይይት ከሰዓት ሊያዘጋጅ አስቦ ምክር ጠየቀን። አብረውን የነበሩ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር እጃቸውን ከትሪው ሳያነሡ፣ «የራሳችንን ተስማምተን ማስተማር አቅቶን ነው ሜክሲኮ የምንሄደው?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን እኔን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ስለ ሜክሲኮ ማስተማር ያስፈልጋል የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ውለታዋን ነው። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ አብዛኛው ዓለም ቀስ በቀስ አንገቱን ሲደፋ፣ ሜክሲኮ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ሄደው ጎበኟት። እኛ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ሰየምንላት፤ ሜክሲኮ ሲቲም በስማችን የሚጠራ አደባባይ አለ። እዚያ ያለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ተሳፋሪው የሚያስበው ስለ ወረፋው እንጂ ስለ ጄኔቫ ባይሆንም፣ ወዳጅነቱ በከተማችን አፍ ላይ አለ።

ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ግን ስንናገረው ስለ ማን እያወራን ነው? ሜክሲኮ እዚህ ታሪክ ውስጥ ምስክር ሆና ገብታ፣ ለእኛ መስክራ ትወጣለች። ከየት እንደመጣችና ለምን እንደመሰከረች የሚጠይቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1848 በአሜሪካ ተሸንፋ ግማሽ ያህል ግዛቷን የተነጠቀች አገር ናት። ከዚያ ፈረንሳይ ወርራት ማክሲሚልያን የሚባል የኦስትሪያ ልዑል ንጉሠ ነገሥት ብላ ጫነችባት፤ ሜክሲኮዎች እ.ኤ.አ. በ1867 ረሸኑት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመሞታቸው ዐሥር ወር ገደማ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ጉልበተኛ ደካማን ሲውጥ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል በገዛ ሥጋዋ የተማረች ነች። ለእኛ የቆመችው ለራሷም ብላ ነው። ይህ ውለታውን የሚያሳንሰው አይመስለኝም፤ ባለውለታችንን ግን ሰው ያደርጋታል።

የማሞ ወልዴም ነገር እንዲሁ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ካቋረጠ በኋላ ማሞ በሜክሲኮ ሲቲ ማራቶን ወርቅ እንዳመጣልን የማያውቅ የለም። ያ ኦሊምፒክ ሊከፈት ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ ትላቴሎልኮ በሚባል ሰፈር አደባባይ ላይ ወታደሮች ለተቃውሞ በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ እንደተኮሱ ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? የሞቱት የዘንዘልማ ልጆች እኩዮች ነበሩ።

እንግዲህ የምፈልገው ልዩነት ይኸ ነው፤ በሰው ታሪክ ውስጥ ራስን መፈለግና የሰውን ታሪክ ራሱን ማየት።

የግብርና ተማሪ ይህ ምን ይሠራለታል ለሚል መልሱ ቅርብ ነው። በማሳው ላይ የቆመው በቆሎ ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በደቡብ ሜክሲኮ ከዱር ሣር የተላመደ ነው፤ ድልሁ የሚፈጭበት በርበሬም ከዚያው ወገን ነው። ዛሬም የስንዴና የበቆሎ ዝርያ ለእኛ ተመራማሪዎች የሚልከው ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል፣ ሲሚት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቴክስኮኮ፣ ሜክሲኮ ነው። የሜክሲኮ እናቶች ደረቁን በቆሎ በኖራ ውሃ ቀቅለው፣ አሳድረው፣ ገለባውን በእጃቸው አሽተው ካጠቡ በኋላ ነው ለቶርቲያ የሚፈጩት። አውሮፓውያን ዘሩን ወሰዱ፣ ኖራውን ግን እንደ ተራ የባላገር ልማድ ቆጥረው ተዉት። በበቆሎ ብቻ በሚኖረው ድሃ ላይ፣ በሰሜን ጣሊያን ሳይቀር፣ ፔላግራ የሚባል ቆዳ የሚያቆስልና አእምሮ የሚያውክ በሽታ ወረደበት። ኖራው ለካ በበቆሎው ውስጥ የታሰረውን ቫይታሚን የሚፈታ ነበር። ባህሉን ከሰብሉ ለይቶ መውሰድ እንደሚያስከፍል ለአግሮኖሚ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሽማግሌው መምህር ግን በዚህ የሚመለሱ አልነበሩም። «ልጄ፣ ሜክሲኮን የመረጣችኋት ማንንም ስለማትነካ ነው» አሉ። «እዚያ ክፍል ውስጥ የሜክሲኮ ልጅ የለም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው ነገሩ።»

በዚህ ተያዝኩ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚወስዱት «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» ምን ያህል እንዳነታረከ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የአንድ ንጉሥ ስም ሲጠራ ክፍሉ በዝምታ ለሁለት ይከፈላል። መምህሩም ያን ገጽ ፈጠን ብሎ ያልፈዋል። ከዚህ ወጥቶ ስለ አዝቴክ ፒራሚድ ማውራት ሽሽት ሊሆን ይችላል፤ ያውም ምቹ ሽሽት።

ነገር ግን እዚያ ክፍል የሜክሲኮ ልጅ አለመኖሩ ጉድለት ብቻ ነው ወይ? የትላስካላን ነገር እንውሰድ። ስፔናዊው ወራሪ ኸርናን ኮርቴስ እ.ኤ.አ. በ1521 የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን የያዘው በስፔናውያን ብቻ አይደለም፤ የአዝቴኮች ጎረቤትና ባላንጣ የነበሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የትላስካላ ተዋጊዎች አብረውት ነበሩ። አዝቴኮች ዙሪያቸውን ከበው ጨው እንኳ እንዳያገኙ አድርገዋቸው ነበር። ትላስካሎች መጀመሪያ ኮርቴስን ወጉት፤ ኋላ ተባበሩት። ከሃዲ ናቸው? የከዱት ማንን ነው? ሜክሲኮ የምትባል አገር ያኔ አልነበረችም። ኋላ በተሠራ ቤት ፊተኛውን ሰው ከቤቱ ሸሸ ብሎ መክሰስ ይቻላል? ማሊንቼ የምትባለዋ የኮርቴስ አስተርጓሚስ? ለስፔኖች እንደ ዕቃ የተሰጠች ባሪያ ነበረች። ስሟ ዛሬም ሜክሲኮ ውስጥ የባዕድ ወዳጅ መስደቢያ ነው።

ተማሪው በዚህ ሁሉ ላይ ሲፈርድ አያቱ በየትኛው ወገን እንደቆሙ አያውቅም። እዚያ ቆመው የሚሟገቱ አያት የሉትም። ፍርዱ ከጥቅም የነጻ የሚሆንበት ዕድል በሕይወቱ ከስንት አንዴ ነው የሚያገኘው።

«ታዲያ ሁሉም ምክንያት አለው፣ ከሃዲ የሚባል የለም ብለህ ልታስተምር ነው?» አይደለም፣ ጋሼ። መክረው የወሰኑ የትላስካላ ሹማምንትና ተሸጣ የተሰጠች ልጅ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ ይህን መለየት ራሱ ትምህርቱ ነው። የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነው፤ ልጁ ትላስካላን በትዕግሥት ዳኝቶ፣ ወደ አገሩ ታሪክ ሲመለስ እንደ ድሮው በጎራው ቢፈርድስ? ለዚህ ማረጋገጫ የለኝም። ሜክሲኮዎች ራሳቸው 500 ዓመት ተከራክረውበት አልጨረሱትም። እ.ኤ.አ. በ2019 የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንታቸው ሎፔስ ኦብራዶር ለስፔን ንጉሥ ስለ ወረራው ይቅርታ ይጠየቅ ብለው ጻፉ፤ ስፔን አልቀበልም አለች። ታሪክን ማወቅ ጠብን ያበርዳል ብዬ ጀምሬ ከነበረ፣ እዚህ ላይ ትቼዋለሁ።

የቀረኝ ጥቂት ነው። ተማሪው አንድ ጊዜ፣ ወገኑን ሳያውቅ፣ ከአፉ አንድ ፍርድ አውጥቷል። መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት የራሳችንን ተመሳሳይ ታሪክ አምጥቶ፣ «ባለፈው ያልከው እዚህ ይሠራል? ካልሠራ ለምን?» ሊለው ይችላል። ይህን ለመጠየቅ የሚደፍር መምህር ከሌለ ግን ሁሉም ነገር ሽርሽር ነው፤ ሽማግሌውም ልክ ናቸው።

ስለዚህ ፕሮግራሙን ለምታዘጋጀው ወዳጄ፦ የጄኔቫውን ውለታ በዐሥር ደቂቃ ጨርሰው። ለበቆሎውና ለኖራው ትንሽ ጊዜ ስጥ፤ የቀረውን ሰዓት ለትላስካላ አድርገው። ጋሼንም ጋብዛቸው፤ የመጨረሻውን ጥያቄ እሳቸው ይጠይቁ።