የየካን ዋሻ ማን ፈለፈለው?

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ሽቅብ ሲወጣ፣ ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዋሻ ሚካኤል ይባላል። ጣሪያው ተደርምሷል፤ ክረምት ሲገባ ውስጡ ውሃ ይቋጥራል። ማን አሠራው ለሚል የሰፈሩ መልስ ክርስትናን ተቀበሉ የሚባሉት ወንድማማች ነገሥታት፣ አብርሃና አጽብሐ ነው፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። መልሱ ልብ ያሞቃል። እኔን የቆረቆረኝም ይኸው ነው፤ ስለምወደው ብቻ ልቀበለው?

ከማይናወጠው ልጀምር፤ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ፣ የጢሮስ ልጆች የነበሩት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ አክሱም ቤተ መንግሥት እንዴት እንደ ደረሱ ሲተርክ፣ ነገሩን ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ እንደ ሰማ ይናገራል። ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የሾመው አትናቴዎስ ነው፤ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸው እሳቸውን ነው። በ356 ገደማ የሮሙ ቄሣር ቆስጠንጢዮስ ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ሄዶ እንዲመረመር የሚጠይቅ ደብዳቤ ለአክሱም ገዢዎች ላከ። ደብዳቤው በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ ቆይቷል። የተጻፈው ለሁለት ሰዎች ነው፣ ለኢዛናና ለሳይዛና። ኢዛና በድንጋይ ጽሑፋቸው ሳይዛናን ወንድሜ ይላሉ፤ በገንዘባቸውም ላይ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል ገብቷል።

ሁለት ወንድማማች ገዢዎች፣ ክርስትናን የተቀበሉ! እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ ላላ። ስንክሳሩ ጥቅምት 4 ቀን የሚዘክራቸው አብርሃና አጽብሐ እነዚህ ካልሆኑ ማን ናቸው?

ግን ስሞቹስ? በደብዳቤውም በድንጋዩም ላይ አብርሃ የለም፣ አጽብሐም የለም። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን የማገኛቸው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በ525 ገደማ ወደ የመን የዘመቱት የዐፄ ካሌብ የንግሥ ስም እለ አጽብሐ ነበር፤ ከእሳቸው ዘመቻ በኋላ ሥልጣኑን በኃይል ነጥቆ የመንን የገዛው ደግሞ አብርሃ ይባላል። የ6ኛው ክፍለ ዘመን ስሞች በ4ኛው ወንድማማቾች ላይ ተደርበው ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። አልተረጋገጠም፤ እኔን ግን ወደ ማመኑ ያደላኛል።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ነገሥታቱ እንጂ ስለ ዐለቱ አይደለም። ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ተቋጥሮ ኖሯል፤ እምነቱን ማን አስገባ የሚለው መልስ፣ የካን ማን ፈለፈለ ለሚለው መልስ አይሆንም። ውቅሮ አጠገብ ያለው ትልቁ ውቅር ቤተ ክርስቲያንም በእነዚሁ ወንድማማቾች ስም ይጠራል፤ አጥኚዎች ግን ከኢዛና ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ያሳንሱታል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለችው አዳዲ ማርያም ንጉሥ ላሊበላ አሠሯት ትባላለች፤ አሠራሯም ለየካው የሩቅ አይመስልም። በገድለ ተክለ ሃይማኖት እንደምናነበው ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡት የእኚህ ጻድቅ አባት፣ ጸጋ ዘአብ፣ ሸዋ ውስጥ ካህን ነበሩ። ገድሉ ከጻድቁ በኋላ የተጻፈ ነውና እንደ ዜና መዋዕል አልይዘውም፤ ሆኖም ሸዋ ያን ጊዜ ክርስቲያንም ካህንም እንደ ነበራት አምናለሁ። ወዲህኛው ወሰን ይቀላል። በ1529 ከሽምብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ ይህ አገር የጦር ሜዳ ሆነ፤ ቤተ መንግሥቱም ውሎ አድሮ ወደ ሰሜን ዞረ። በዚያ ትርምስ ውስጥ ተረጋግቶ ዐለት የሚወቅር አይታየኝም። ምኒልክ በ1880ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ ያሠሯት፣ በ1889ም የነገሡባት ማርያም ደግሞ የተገነባች እንጂ የተፈለፈለች አይደለችም።

እንግዲህ በዛጉዌ ዘመንና በ1529 መካከል ልበለው? እዚህ ስደርስ በራሴ ክርክር ላይ ተነሣሁ። የተገነባ ቤት ጭቃና እንጨት አለው፤ እንጨቱ ተመርምሮ ዕድሜው ይታወቃል። ውቅር ግን ሲሠራ የሚቀነስ እንጂ የሚጨመር የለውም። ኋላ የመጣ ጠራቢ ሲያሰፋው የፊተኛው የመሮ ምልክት አብሮ ይጠፋል። ዛሬ የምናየው ቤተ መቅደስ ከመስፋቱ በፊት አንድ ባሕታዊ የተጠለለባት ጠባብ ዋሻ ኖራ ቢሆን በምን ዐውቃለሁ? ግድግዳውን ከግድግዳ እያመሳሰልኩ የሰጠሁት ዘመን ግምት ነው። አፈ ታሪኩን የጠየቅሁትን ማስረጃ የራሴ ግምትም ሊጠየቅ ይገባዋል።

ማስረጃው ካለ ያለው ከቤቱ ውጭ ይመስለኛል። ያ ሁሉ ዐለት ተጠርቦ ሲወጣ ጥራቢው የሆነ ቦታ ተደፍቷል፤ በውስጡ ከሰል፣ የሸክላ ስባሪ፣ አጥንት ሊኖር ይችላል። ላሊበላ ላይ አርኪዮሎጂስቶች እንዲህ ያለውን የጥራቢ ክምር አጥንተዋል። የየካም ሊጠና ይችላል።

እስከዚያው ፍርዴ ይህ ነው፦ አባ ሰላማና ኢዛና የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች መሆናቸውን ያለ ማመንታት እቀበላለሁ፤ ዋሻ ሚካኤል የዚያ ዘመን ሥራ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ወደዚያ የምትወጡ ወገኖቼ፣ በዙሪያው ያለውን አፈርና ድንጋይ አታንሡ፣ አትቆፍሩ፤ ዕድሜውን የሚነግረን እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።