ዕውቀት በቁና ይሰፈራል?

ጤፍ ሊሸምት ገበያ የወጣ ሰው ቁናውን ሳያይ ዋጋ አይጠይቅም። የጎደለ ቁና መኖሩን ያውቃልና። የምርምር ሰዎቻችን ድካም በምን ቁና እንደሚሰፈር፣ ቁናውንም ማን እንደሰፋው የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም። ነገሩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የቤት ጉዳይ ይመስለናል። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ የኦቾሎን ዐለታማ ኮረብታ የወጣ ሰው ግን ጉዳዩ የሁላችንም መሆኑን ይረዳል።

እስቲ ከቁናው እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 የትኛው ጥናት የትኛውን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያ ዓላማው ተመራማሪዎች የሚፈልጉትን ጽሑፍ በቀላሉ እንዲያገኙ መርዳት ነበር። ውሎ አድሮ ግን መንገድ መሪው ዳኛ ሆነ፤ ብዙ የተጠቀሰ “ትልቅ”፣ ጥቂት የተጠቀሰ “ትንሽ” ተባለ። በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ የአንድን ሰው የሥራ ዘመን በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልል ስሌት አቀረበ። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ያሉት ሰው ቁጥሩ 10 ነው፤ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት 20 ነው።

ቀላልና ግልጽ ይመስላል። ይሁንና ስሌቱን ትንሽ እንፈትነው። በዕድሜው 5 ጥናቶችን ብቻ የጻፈ፣ እያንዳንዳቸውም 1,000 ጊዜ የተጠቀሱለት ሰው ቁጥሩ 5 ብቻ ነው። 20 መካከለኛ ጽሑፎችን አሳትሞ እያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ ጊዜ የተጠቀሱለት ግን በአራት እጥፍ ይበልጠዋል። በዚያ ላይ ቆጠራው ምስጋናን ከወቀሳ አይለይም። በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ እጅግ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፤ ብዙዎቹ የጠቀሱት ስሕተቱን ለማሳየት ነበር። መጽሔቱም በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል።

ታዲያ ቁጥሩን አሽቀንጥረን እንጣለው? እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። መለኪያ በሌለበት ቤት ሹመትና ዕድገት በማን ይታደላል? በዘመድ፣ በአገር ልጅነት፣ በአለቃ ፊት አብዝቶ በማጎንበስ አይደለምን? ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን የታተመ ጥናት አምጣ መባሉ ዝምድና የሌለውን ወጣት ይጠብቀዋል። ቁጥር ዐይነ ሥውር ነው፤ ዐይነ ሥውርነቱም አንዳንዴ ፍትሕ ነው። የእኔ ጥያቄ ዐይነ ሥውሩን ዳኛ ብቻውን ወንበር ላይ ስናስቀምጠው ምን እንደሚያመልጠው ነው።

ወደ ኦቾሎ እንመለስ። በመንደሪቱ ዋሻዎችና የዐለት ስንጥቆች ውስጥ ሽኮኮዎች ይኖራሉ። በሽኮኮው ሰውነት ያለውን ጥገኛ ተውሳክ የአሸዋ ዝንብ ወደ ሰው ታጋባዋለች፤ በሰሜኑ አገራችን ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ቁስልም ይከተላል። በብዛት የሚጠቃው የልጆች ፊት ነው። ተውሳኩ በ1973 በአገራችን ስም “ሌይሽማንያ ኤቲዮፒካ” ተባለ። ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና ከቤልጂግ የመጡ ተመራማሪዎችም በቅርብ ዓመታት ዝንቦቹንና ሽኮኮዎቹን በየወቅቱ ሲከታተሉ ቆይተው በ2019 ውጤቱን አሳትመዋል። ይህን በሽታ የሚያጠኑ የዓለም ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ጠቃሹም ጥቂት ነው። ፊቷ የቆሰለ የኦቾሎ ሕፃን ደግሞ ማንንም አትጠቅስም። ቁጥሩን የሚያሳድድ ወጣት ተመራማሪ ምን ይመርጣል? ብዙ ሰው የሚነጋገርበትን ርዕስ ይዞ ኮረብታውን ለሽኮኮው ቢተውለት ይፈረድበታልን? እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 እንዳስገነዘበው፣ መለኪያ የነበረ ነገር ራሱ ግብ ሲሆን መለካቱን ይተዋል። ገንዘብ ከተከፈላቸው የመጣላቸውን ሁሉ የሚያትሙ መጽሔቶች የበዙትም ከዚሁ የተነሣ ነው።

የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ የሚያስተምረን አለ። በ1964 ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች፣ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ለማጥፋት የሚያስችል ርካሽ መድኃኒት በገዛ ደጃችን መኖሩን ተረዱ። ዳሩ ግን ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘን ውጤት ለመቀበል ማመንታታቸውን ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ያ ሁሉ ዓመት የጎደለው የሥራው ክብደት ነበርን? ወይስ የመዛኙ ቦታ? በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በፊት ግን ሃያ አምስት ዓመት አልፏል።

በወላይታና በጋሞ ደጋ ገበሬውን ከእርሻው የሚያስቀረው የእግር ዝሆኔም እንዲሁ ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን ለብዙ ዓመታት አጥንቶ በ1990 በመጽሐፍ አሳተመ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ከተዘነጉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው ግን በ2011 ነው። መከላከያው ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። በሃያ አንዱ ዓመት ውስጥ ጫማ ያደረገ ልጅ፣ ሳይታመምም የቀረ እግር በየትኛው የጥቅስ ማውጫ ይገኛል?

እንግዲህ ምን ይደረግ? በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰባሰቡ የመጽሔት አዘጋጆችና ተመራማሪዎች ያወጡት መግለጫ መልሱን በአጭሩ ይዞታል፤ ሥራው በታተመበት መጽሔት ዝና ሳይሆን በራሱ ይዘት ይመዘን ይላል። ይህ ሐሳብ ለጋሞ ሰው እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ ኦቾሎ ተቀምጦ የሕዝቡን ሸንጎ አጥንቶ በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል። በጋሞ ሸንጎ፣ በዱቡሻ፣ ተናጋሪው ተነሥቶ ይናገራል፤ ሸንጎውም ያዳምጠዋል። የቃሉ ክብደት የሚታወቀው ከተሰማ በኋላ ነው። የዕድገት ኮሚቴዎቻችንም ሦስት ጥናት ተቀብለው እስከ መጨረሻው ቢያነቡ፣ ሠላሳ ርዕስ ከመቁጠር የበለጠ ያውቃሉ። “ይህ ሥራ ማንን ጠቀመ?” ብለው የወረዳውን ጤና ባለሙያ ቢጠይቁ ደግሞ ይበልጥ ይረዳሉ። ማንበብ ይከብዳል፤ ጊዜ ይወስዳል፤ ለአድልዎም በር ሊከፍት ይችላልና አንባቢው ከአንድ በላይ ይሁን፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ ያስቀምጥ። ቁጥሩም ከጎን ሆኖ ምስክርነቱን ይስጥ።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላል የአገራችን ሰው። ተመራማሪዎቻችንን በጭብጨባ ብዛት ከሰፈርን፣ እነሱም ጭብጨባ ወዳለበት ይሄዳሉ። የዚያን ጊዜ የሚጎድለው የማን ቁና እንደሆነ መገመት አያዳግትም።