የጥርጣሬ አደብ



ባለፈው ሳምንት እዚህ ወሰን ከዐስር በኋላ ደርሳችንን ጨርሰን ስንወጣ ሦስት ተማሪዎች ከመስጂዱ በር ላይ ቆመው ይከራከሩ ነበር። ነገሩ ከእኛ ሰፈር በጣም የራቀ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሎውስቶን በተባለ ስፍራ ምድር ስር ስላለ እጅግ ግዙፍ እሳተ ገሞራ ነው የሚያወሩት። የናሳ መሐንዲሶች እሳተ ገሞራው ወደፊት እንዳይፈነዳ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ውሃ አስገብተው፣ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ለማውጣት ሐሳብ አቅርበው እንደነበር አንዱ አንብቧል።

አንደኛው፣ “ይሄ ከአላህ ቀደር ጋር ግብግብ መግጠም ነው” አለ። ሁለተኛው፣ “እናበርዳለን ብለው ያፈነዱታል እንጂ” አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እነዚህ ሰዎች የሚሉትና የሚሠሩት አንድ አይደለም። የእኛስ መንቀጥቀጥ ከየት መጣ ብላችሁ ነው?” አለ። ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። “ኡስታዝ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?”

ያን ዕለት “እስኪ ላስብበት” ብዬ አለፍኳቸው። ለምን በቶሎ እንዳልመለስኩ ከታች እነግራችኋለሁ። ሦስቱም ጥርጣሬዎች ናቸው፤ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንድ ላይ መጣላቸውም አንድ ላይ መቀበላቸውም ያሳስታል።

በመጀመሪያ ሐሳቡን በልኩ እንወቀው። ያሰሉት የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ብራያን ዊልኮክስና የሥራ ጓዶቹ ናቸው። ለሕዝብ በሰፊው የተሰማው እ.ኤ.አ በ2017 ነው። ከየሎውስቶን ስር ወደ 6 ጊጋ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ሁልጊዜ በፍልውሃና በእንፋሎት እየሾለከ ይወጣል። በቁጥር ከህዳሴ ግድባችን ሙሉ የማመንጨት አቅም፣ ከ5,150 ሜጋ ዋት፣ ይበልጣል ማለት ነው። የሚወጣውን ሙቀት በ35 በመቶ ያህል ብንጨምረው እሳቱ ለፍንዳታ የሚበቃ ኃይል አያጠራቅምም ብለው አሰቡ። ለዚህም እስከ 10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት መቆፈር፣ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ማስገባት፣ ተግሎ ሲወጣም ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነው። ወጪው ወደ 3.46 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። እስካሁን ወረቀት ላይ ያለ ሐሳብ ነው፤ ለዚህ ተብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ የለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልጅ እንሂድ። አደጋን ለመከላከል መሥራት ቀደርን መታገል ነው?

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙዎቻችን ሱረቱል ካህፍን ቀርተናል ወይም እንቀራለን። መጨረሻዋ አካባቢ የዙልቀርነይን ታሪክ አለ። በሁለት ተራሮች መካከል የሚኖር ሕዝብ ከየእጁጅና መእጁጅ ጥፋት የሚጋርደው ግድብ እንዲሠራለት ገንዘብ ሊከፍለው ጠየቀው። ልብ በሉ፤ ዙልቀርነይን “ይህ የአላህ ውሳኔ ነውና ታገሡ” ብሎ አልሸኛቸውም። ገንዘቡን አልፈለገም፤ ጉልበታቸውን ግን ጠየቀ። ብረት አስመጣ፣ በወናፍ አስነፋ፣ የቀለጠ ነሐስ አፈሰሰበት። ሥራው የመሐንዲስ ሥራ ነው። ሲጨርስ ደግሞ አልተኩራራም። ይህ ከጌታዬ የሆነ እዝነት ነው፤ የጌታዬ ቀጠሮ ሲደርስ ግን ይደረመሳል አለ። ግድቡን አጥብቆ የሠራውም፣ ግድቡ አንድ ቀን እንደሚፈርስ የተናገረውም ያው አንድ ሰው ነው። ተወኩል ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ሲወስኑ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። የዑመር መልስ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እንሸሻለን የሚል ነበር። ወረርሽኙ ቀደር ከሆነ መድኃኒቱም፣ መጠንቀቁም፣ ዕውቀቱም ቀደር ነው።

ይህ በእሳተ ገሞራ ላይም በተግባር ታይቷል። ካሜሩን ውስጥ ኒዮስ የሚባል ሐይቅ አለ፤ የተኛው በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ ነሐሴ 1986 አንድ ሌሊት ከሐይቁ ጥልቀት የታመቀ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ገንፍሎ ወጣና ሸለቆውን ሞላው፤ ከ1,700 በላይ ሰዎች ታፍነው አለቁ። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶች ከሐይቁ ወለል ድረስ ቧንቧ አስገብተው፣ ጋዙ ታምቆ ከሚቆይ በየጊዜው እየተነፈሰ እንዲወጣ አደረጉ። ሥራው በ2001 ተጀመረ። ከሐይቁ በታች ወዳለው መንደር ተመልሶ መኖር የታሰበው ከዚህ በኋላ ነው። ያን ቧንቧ የዘረጋ ሰው ከአላህ ጋር ታገለ ልንል ነው? እኔስ ነፍስ አዳነ ነው የምለው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ልጅ መልሴ፦ ወንድሜ፣ ሥራውን ሳይሆን ኩራቱን ፍራ። “ተፈጥሮን አሸነፍን” የሚል አፍ ያስፈራል። የሚቆፍር እጅ ግን በራሱ ኃጢአት የለበትም።

ሁለተኛው ልጅ፣ “ያፈነዱታል” ያለው፣ ከሁሉም ይልቅ በቁም ነገር ልንሰማው የሚገባ ነው። እውነት አለውና።

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ፖሃንግ የተባለች ከተማ እ.ኤ.አ በ2017 በሬክተር መለኪያ 5.4 ገደማ በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች፤ ብዙ ሰው ተጎዳ፣ ብዙ ቤት ተሰነጠቀ። በ2019 መንግሥት ያቋቋመው የሊቃውንት ቡድን ያገኘው ምክንያት ከአጠገቧ ለእንፋሎት ኃይል ተብሎ በግፊት ወደ ምድር የገባው ውሃ ነው። ኢንዶኔዢያ፣ ምሥራቅ ጃቫ፣ ሲዶአርጆ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2006 ትኩስ ጭቃ ከምድር ፈልቶ መንደሮችን ከነመስጂዶቻቸው ቀበረ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። በአቅራቢያው ጋዝ ፍለጋ ይቆፈር ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። ምክንያቱ ቁፋሮው ነው ወይስ መንቀጥቀጡ የሚለው ሊቃውንቱን ሲያከራክር ኖሯል።

በሌላ በኩል አይስላንድ ውስጥ ክራፍላ ላይ እ.ኤ.አ በ2009 መሰርሰሪያው ሳይታሰብ ከቀለጠው አለት ጋር ገጠመ። ወደ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነበር። እሳተ ገሞራው ግን አልፈነዳም። ስለዚህ “መቆፈር ሁሌ ያፈነዳል” ማለትም “መቆፈር ምንም አያመጣም” ማለትም ሁለቱም ልክ አይደሉም። ጥያቄው የት፣ እንዴት፣ በምን ያህል ግፊት፣ ማን እየተቆጣጠረ የሚለው ነው። የየሎውስቶኑን ሐሳብ ያቀረቡት ራሳቸው ከላይ መቆፈር አደገኛ ስለሆነ ከጎን ይሁን ብለዋል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ደግሞ በየትኛውም ዓመት ታላቁ ፍንዳታ የመድረሱ ዕድል ከ730,000 አንድ ገደማ ነው ይላል። እንዲህ ለራቀ አደጋ እንዲህ የቀረበ አደጋ መጋበዝ ተገቢ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ አስተዋይነት ነው። ፉቀሃዎቻችን ጉዳትን በሚተካከለው ጉዳት ማስወገድ አይቻልም የሚል መርህ አላቸው። ይህ ጥርጣሬ መልስ ይገባዋል። መልስ የሚሰጥ ባለሙያም ሊቆጣ አይገባውም፤ ከሚቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ የሚተኛው እሱ ሳይሆን ገበሬው፣ አርብቶ አደሩ ነውና። ዕውቀት አማና ነው። አማና ያለበት ሰው ሲጠየቅ ሒሳቡን ያሳያል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በሐሳቡ መሠረት ያ እሳት የሚቀዘቅዘው በዓመት አንድ ሜትር ያህል ነው። ሙሉ በሙሉ ለመቀዝቀዝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል። የሚጀምረው ሰው ፍሬውን አያይም፤ የልጅ ልጁም አያይም። ብዙዎች የሳቁት በዚህ ነው። እኔ ግን ሳነበው የታወሰኝ ቂያማ ሲቆም በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ ይትከለው የሚለው የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ነው። ሐሳቡ ላይሠራ ይችላል። ለማያዩት ትውልድ መጨነቁ ግን የሚሳቅበት አይደለም።

አሁን ሦስተኛው ልጅ። እዚህ ላይ ነው የራሴን ጉድ የምነግራችሁ።

በ2017 ዓ.ም ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ ከረመች። ታኅሣሥ ላይ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ተሰማው። የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ወደ 80,000 የሚጠጋ ሰው ከአካባቢው እንደሚያስወጣ አስታወቀ። የካቲት 7 ቀን ደግሞ መጠኑ 6 የደረሰ መጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተመራማሪዎች በየመገናኛ ብዙኃኑ እየቀረቡ ከምድር ስር ቅልጥ አለት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ያስረዱ ነበር። እኛ ግን በስልካችን የምንቀባበለው ሌላ ነበር። አንዱ የህዳሴ ግድብ ውሃ ነው አለ፤ ግድቡ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንዱ ሥውር ጦር መሣሪያ ነው አለ። አንዱ አሉቶ ላይ የተቆፈረው የእንፋሎት ጉድጓድ ነው አለ፤ የአሉቶ ላንጋኖ የሙከራ ጣቢያ 7.3 ሜጋ ዋት ብቻ የማመንጨት አቅም የነበረው፣ ከፈንታሌም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት ላይ መልእክት ደረሰኝ። “ዛሬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከባዱ ይመጣል፤ ባለሥልጣናቱ ያውቃሉ፣ ደብቀዋል” ይላል። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። የመሬት መንቀጥቀጥ ሰዓቱ ተለይቶ ሊተነበይ እንደማይችል ዩኒቨርሲቲ ተምሬ አውቃለሁ። ግን ፈራሁ። “ለጥንቃቄ” ብዬ ለደርስ ግሩፓችን አስተላለፍኩት።

ለሱብሒ ስወጣ ከኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ አንዲት እናት የሁለት ወር ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ተቀምጣ አየኋት። ከእንጦጦ የሚወርደውን የታኅሣሥ ብርድ የዚህ ሰፈር ሰው ያውቀዋል። “ምነው እህቴ?” አልኳት። “ኡስታዝ የላኩት ነው ብዬ ነዋ!” አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ነው ያደረችው። ልጁ በሳምንቱ የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ገባ። ብርዱ ይሁን ሌላ እኔ ልፈርድ አልችልም። አልሐምዱሊላህ ድኗል። እኔ ግን ያችን “ኡስታዝ የላኩት ነው ብዬ ነዋ” የምትል ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ባለፈው ሳምንት በቶሎ ያልመለስኩት ለዚህ ነው። ያን ሌሊት ራሴን ጠርጣሪና ብልህ አድርጌ ቆጥሬ ነበር። ባለሙያውን ተጠራጠርኩ፤ ስም የሌለውን መልእክት ግን ሳልጠይቅ አመንኩ። ይሄ ጥርጣሬ አይደለም። የዋህነት ነው፤ ፊቱን አዙሮ የመጣ የዋህነት። እውነተኛ ጠርጣሪ ሁለቱንም ወገን በአንድ ሚዛን ይመዝናል። ቁርኣን ወሬ ሲመጣ አጣሩ ብሎ ያዘዘን ሕዝብን ባለማወቅ ጎድተን እንዳንጸጸት ነው። እኔ ባለማወቅ ጎዳሁ፤ ተጸጸትኩም።

የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ የኢብራሂምን ሞት አስታውሱ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች ለኢብራሂም ሞት ብላ ነው አሉ። ሐዘን ላይ ላለ አባት ይህ ወሬ የሚያጽናና፣ ለነቢይነቱም ክብር የሚጨምር ይመስላል። እሳቸው ግን ዝም አላሉም። ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ፣ የአላህ ምልክቶች እንደሆኑ አስተማሩ፤ ወደ ሶላትም ጠሩ። እምነትን የሚያጠናክር ቢመስል እንኳ የሐሰት ምክንያትን አልተቀበሉም።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ አፍዴራ አካባቢ ያለውን ግጦሽ ሸፈነ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደርሶ በረራ አሰረዘ። በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ፈነዳ ተብሎ ያልተመዘገበ ተራራ ነው። ያን ጊዜም ወሬው መጣ፤ ከአመዱ ቀድሞ እኛ ዘንድ ደረሰ። ያን ቀን ግን አላስተላለፍኩም።

እኛም የምንኖረው ምን ላይ እንደሆነ እናስተውል። ይህ ጧት ጧት የምናየው እንጦጦ፣ ከማዶ ያለው የረር፣ በወዲያ ወጨጫና ፉሪ፣ ሁሉም ጥንት ከእሳት የወጡ ተራሮች ናቸው። የፍልውሃ ሙቀትም ከዚያው ከምድር ሆድ ነው። የሎውስቶንን ማብረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ጋር ማሰር፣ የፎቁን መውጫ ደረጃ ከዕቃ ማጽዳት፣ ቤት ስንሠራ ብረቱን አለመቀነስ፣ ያልተጣራ መልእክት አለማስተላለፍ ግን የእኛ ነው።

ለሦስቱ ልጆች ይህን አልኳቸው። የመጀመሪያው ዝም አለ። ሁለተኛው፣ “ታዲያ ፖሃንግ ላይ ማን ተጠየቀ?” አለኝ፤ ጥያቄውን ወደድኩለት፣ አብረን እናነባለን። ሦስተኛው ስልኩን አወጣና አንድ መልእክት ሲያጠፋ አየሁት። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

አላህ ከማናውቀው ነገር ምላሳችንን፣ ጣታችንንም ይያዝልን። በአፋርና በፈንታሌ ከቀያቸው ለተፈናቀሉት መጠለያ ይስጣቸው። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።