ሿሿና ሰላምታ

አዲስ አበባን ለማያውቅ ሰው የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ስልክህን መንገድ ላይ አታውጣ። ቦርሳህን ወደ ፊት አዙረው። ሰው ከገፋህ መጀመሪያ ኪስህን ንካ። መርካቶ ከገባህ ደግሞ አትፍዘዝ። የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ሁሌም አንዲት ነገር ትጨመራለች፦ «የማታውቀው ሰው ሰላም ቢልህ ዝም ብለህ እለፍ።»

በመጀመሪያዎቹ ላይ ክርክር የለኝም። የመጨረሻዋ ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ መግባት ያለባት አይመስለኝም። ሌሎቹ ስለ ኪስ ናቸው፤ እሷ ስለ ሰው ናት።

ጉዳዩን እንዳስብበት ያደረገችኝ አክስቴ ናት። ልጇ ደብረ ታቦር ተወልዶ ያደገ ነው፤ ዘንድሮ እዚህ ሥራ አግኝቶ፣ ቤት እስኪከራይ እኔ ጋ ለቡ ሊያርፍ ነበር። «አደራ፣ ምከረው፤ እሱ እኮ የዋህ ነው» አለችኝ። የዋህ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። መንገድ ላይ ያገኘውን ሽማግሌ ሁሉ ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ» የሚል፣ ዕቃ የከበዳት ሴት ካየ ሳይጠየቅ የሚያግዝ ልጅ ነው። ባደገበት አገር ነውሩ ይህን አለማድረግ ነው። ታዲያ ከአውቶቡስ በወረደ በሁለተኛው ቀን ይህን ሁሉ አውጥተህ ጣል ልበለው? ከጣለውስ በኋላ የሚቀረው ልጅ ለማን ይጠቅማል?

ሌቦቹ በትክክል ምናችንን እንደሚጠቀሙ ማየት ያስፈልጋል። ሿሿን ውሰዱ። ታክሲ ይቆማል፣ ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» ይላል፣ ትገባለህ። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡት ሁሉ አንድ ቡድን ናቸው፤ እውነተኛው ተሳፋሪ አንተ ብቻ ነህ። ትንሽ እንደሄዳችሁ ግርግር ይጀመራል። «በሩ አልተዘጋም፣ ጠጋ በል።» «ትራፊክ አለ፣ ዝቅ በል።» «ይህቺን ያዝልኝ።» አንተም ትጠጋለህ፣ ዝቅ ትላለህ፣ ትይዛለህ። ከዚያ የሆነ ሰበብ ይፈጠርና «ውረድ፣ አንሄድም» ትባላለህ። ስልክህ እንደሌለ የምታውቀው ታክሲው ከተሰወረ በኋላ ነው።

በእኛ ሙያ ይህ ሶሻል ኢንጂነሪንግ ይባላል፤ ሲስተሙን ከመስበር ይልቅ ሲስተሙን የሚጠቀመውን ሰው ማታለል ማለት ነው። የሚገርመኝ ግን የተመረጠው ድክመት ነው፤ ድክመት ከተባለ። ሰውየው የተዘረፈው ጠጋ በል ሲባል ስለተጠጋ፣ ያዝልኝ ሲባል ስለያዘ ነው። ይሄ ትብብር ባይኖር ደግሞ የዚህ ከተማ ታክሲ አንድ ቀን አይሠራም። ከኋላ ወንበር የተሰጠ ሒሳብ በአራት ሰው እጅ አልፎ ረዳቱ ጋ ይደርሳል፣ መልሱም በመጣበት ይመለሳል። መሀል ላይ ማንም አይቆጥርም፣ ማንም አይነካም። ከለቡ ሜክሲኮ በየጠዋቱ ይሄ ሲሆን አያለሁ፤ ማንም እንደ ተአምር አይቆጥረውም። ሿሿ የሚበላው ይህን ነው። ባግ ሳይሆን ፊቸር ነው የሚያጠቁት።

ሁሉም ማጭበርበር እንዲህ አይደለም። የወደቀ ወርቅ የሚባለው አለ፦ አንድ ሰው ካንተ እኩል መሬት ላይ ሐብል «ያገኛል»፣ እንካፈል ይልሃል፣ የያዝከውን ብር ሰጥተህ ወርቁን ትወስዳለህ፣ ወርቁ ወርቅ አይደለም። ሎተሪ ደረሰኝ ግን መውሰድ አልቻልኩም፣ በርካሽ ግዛኝ የሚለውም የእሱ ዘመድ ነው። እነዚህ የሚይዙት የሌላውን ሰው ንብረት ወይም አለማወቅ ለመጠቀም የተዘጋጀን ሰው ነው። እዚህ ላይ «ነቃ በል» የሚለው ምክር ብዙ አይረዳም፤ የሰው ሐብል መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ማታለልን በአንቀጽ 692 ለይቶ አስቀምጧል። አንዱ ሳታውቅ የሚወሰድብህ ነው፤ ሌላው ተታለህ በገዛ እጅህ የምትሰጠው። ሁለቱም ላይ ግን ጥፋተኛው ወሳጁ ነው። የሰፈር ሕጋችን ከዚህ ይለያል። እኛ የተዘረፈ ሰው ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስልኩን ለምን አወጣው?» ብለን ነው። «ተሸወደ» እንላለን፣ «ፋራ ነው» እንላለን። አራዳ የፒያሳ አካባቢ ስም ነው፤ ገበያውም ከተማውም እዚያ ስለነበረ ከተሜ ማለት ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ የማይሸወድ ማለት ሆነ። እንደዚህ ከሆነ ፋራ ማለት በቀጥታ ሲተረጎም «ሌላውን ያመነ» ማለት ነው። ለሌባው ስም እስክናወጣ ለተሰረቀው አውጥተን ጨርሰናል።

እስኪ ሒሳብ እንሥራ፤ የለመድኩት እሱን ስለሆነ። በዓመት 250 የሥራ ቀን አለ እንበል። በቀን ሁለት ጊዜ 12 ሰው በሚጭን ሚኒባስ እሄዳለሁ። ከእኔ ጋር 11 ሰው፤ በዓመት 5,500 ጊዜ ከማላውቀው ሰው ጎን እቀመጣለሁ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አምስቱ ሌቦች ናቸው ብንል እንኳን (እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ በጣም የተጋነነ ነው) ሁሉንም በጥርጣሬ ዓይን ካየሁ 5,495 ጊዜ የምሳሳተው በንጹሕ ሰው ላይ ነው። እንዲህ የሚሠራ ሶፍትዌር ብጽፍ አለቃዬ አይቀበለኝም። ደግሞ ስህተቱ እኩል አይከፋፈልም። ሸሚዝ የለበሰውን፣ ላፕቶፕ የያዘውን ማን ይጠረጥረዋል? ቦርሳችንን የምናጠብቀው ሊስትሮው ሲጠጋ ነው። የሿሿ ቡድን ግን ንጹሕ ሸሚዝ መልበስ አያቅተውም።

ታዲያ እንዘረፍ? ኧረ በጭራሽ። ለእኔ የታየኝ ነገር፣ ጥንቃቄ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። ዚፕ ማንንም አይከስም። ኮምፒዩተር ፓስወርድ ሲጠይቅ ሥራ አስኪያጁንም ተለማማጁንም እኩል ይጠይቃል፣ ማንም ተሰደብኩ አይልም። ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት በሙሉ ፊት ማንበብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ስልክህን ታክሲው ከመምጣቱ በፊት ውስጠኛ ኪስህ ክተት፤ በር ላይ ግፊያ ሲጀመር ጊዜ የለህም። የታክሲ ሒሳብ ለብቻው ኪስ ይኑረው፤ ለሃያ ብር ብለህ ደሞዝህን አታውጣ። መስኮት ጥግ ተቀምጠህ መብራት ላይ ስልክ አትነካካ። ኮከብ መሰላል ዜሮ ስድስት መሰላል ደውለህ የሚመጣውን ረጅም ቁጥር ቤት ጻፈው፤ ስልክህ ከጠፋ ፖሊስ ጋ ይጠቅምሃል። ገንዘብ ገባልህ የሚል መልእክት ሲደርስህ መልእክቱን ሳይሆን ሒሳብህን እይ። የሚስጥር ቁጥርህን በስልክ ለሚጠይቅህ ለማንም፣ ከባንክ ነኝ ለሚልህም፣ አትንገር። ከገባህበት ታክሲ ውስጥ ሁሉም በአንዴ ሲያዋክብህ «ወራጅ አለ!» በል። ይሄ ሁሉ ሲደረግ ዓይንህ ነፃ ነው፤ ሰላም ማለት ትችላለህ።

(የሰፈሬ ስም በግዕዝ ሲነበብ «አስተውል» ማለት ይሆናል። ስሙ ከዚያ መጣ አልልም፤ ብቻ ደስ ይለኛል። አስተውል ነው እንጂ ጠርጥር አይደለም።)

ሁለተኛው ዓይነት ጥንቃቄ ሰውን በመልኩ፣ በመደቡ፣ በያዘው ነገር የሚከስ ነው። ታሪካችን ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር፦ ንብረት ሲጠፋ አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ራሱን ያስቱታል፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይከተሉታል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ዕዳ ከፋይ ይሆናል። አውጫጭኝም ነበር፤ ሌባው እስኪታወቅ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አይበተንም። እነዚህን ስንሰማ እንስቃለን። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ግን በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ዝርፊያ በዛ ተብሎ ከተወሰኑ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተሮች በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ ታግደዋል። ዝርፊያው እውነት ነበር። በሞተር ዕቃ እያደረሰ ልጆቹን የሚያሳድረው ሰውም እውነት ነበር። እኛ እፎይ ስንል ሒሳቡን የከፈለው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን «ሌባ! ሌባ!» የሚለው ጩኸት ነው። ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ቀን ማታ አየሁ። አንዲት ልጅ ጮኸች፣ አንድ 15 ዓመት የማይሞላው ልጅ ሮጠ፣ ተያዘ። ስልኩ እጁ ላይ ነበር፤ መስረቁ አላጠራጠረም። ስልኳን ተቀበለች። ታክሲዋ መጣ፣ ተሳፈረችና ሄደች። ዱላው አልቆመም። ከመንገዱ ማዶ፣ ጩኸቱን እንጂ ምንም ያላየ አንድ ሰውዬ መኪና እስኪያልፍለት ቆሞ ጠብቆ፣ ተሻግሮ መጥቶ በእርግጫ መታው። ከዚያ ተመልሶ ወደ መንገዱ ሄደ። አንድ ትራፊክ ፖሊስና ሁለት እናቶች ናቸው ያስጣሉት።

ስለ ሰውዬው ብዙ አስቤያለሁ። ከእሱ የተሰረቀ ነገር የለም፤ ቢያንስ ያን ቀን። ምናልባት ከሦስት ዓመት በፊት ሿሿ ተሠርቶበት ፋራ ተብሎ ይሆናል። የተሰረቀውን የምናሳፍር ከሆነ ሀፍረቱ የሆነ ቦታ መውጣቱ አይቀርም፤ የሚወጣው ደግሞ የተያዘው ትንሹ ልጅ ላይ ነው። የታክሲው ቡድን አይያዝም።

አንድ ነገር ይቀራል፣ እሱም ከባዱ ነው። ዚፕ የማይፈታው ጉዳይ አለ። መነኸሪያ አካባቢ «ለመሳፈሪያ ጎደለኝ» የሚልህ ሰው አለ፤ ትናንትም ጎድሎት ነበር፣ ከትናንት ወዲያም። የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ታክሲ ውስጥ የሚለምን አለ። እዚህ ላይ የግድ መፍረድ አለብህ፤ ኪስህ ሳይሆን አንተ። አንዳንዱ ሰው «ለውሸታም መስጠት እውነተኛውን መጉዳት ነው» ይላል፣ እውነት አለው፤ አሥር ጊዜ የተዋሸ ሰው አሥራ አንደኛውን አይሰማም። ሌላው «ሰጥቼ እግዜር ይፍረድ» ይላል፤ የእሱም አይጠላኝም፣ ብቻ ፍርዱን ወደ ላይ ገፍቶ መገላገል ይመስለኛል። እኔ የማደርገው መካከለኛ ነገር ነው፦ ታሪኩን አልመረምርም፣ መጠኑን እወስናለሁ። ያ ለብቻው ያስቀመጥኩት ሒሳብ ውስጥ ያለው ቢሄድ የማይከፋኝ ነው። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ብር አልሰጥም፤ አብሬ እሄድና ትኬቱን እቆርጣለሁ። አብዛኛው አብሮኝ አይሄድም። አንዳንዱ ይሄዳል።

የአክስቴ ልጅ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ለቡ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ያስቆሙታል። ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው ስልካቸው ባትሪ ዘግቶባቸዋል፤ «ልጄ፣ ስልክህን አንዴ ስጠኝ፣ ለልጄ ልደውል» ይሉታል። ስልክ ተቀብሎ መሮጥ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ነግሬዋለሁ። ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ አልመረመራቸውም። «አባባ፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ» ብሎ ራሱ ደወለ፣ ስፒከር አደረገ፣ ስልኩን በሁለት እጁ አፋቸው አጠገብ ይዞ ቆመ። ስለ በጎቹ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ባቡሩ ስለዘገየበት ሁሉ አወሩ። ልጅቷ መጥታ እስክትወስዳቸውም አልሄደም።

ማታ እራት ላይ ሲነግረኝ የከነከነው ሌላ ነገር ነበር። «ካርዴን ጨርሰውብኝ እኮ ነው» አለኝ።