ሰዓቱ የራሱ ስለሆነ ጠበቃ

ነፃነትን የማይወድ ሰው የለም፤ ነፃነት ይዞት የሚመጣውን ዕዳ አስቀድሞ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ነገር በዛሬው የሕግ ሥራ ላይ መርምሮ ማየት ለወጣቶች ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ፥ ሕግ የተማረ ሰው በብዛት የሚያስበው ዳኝነትን፥ ዓቃቤ ሕግነትን ወይም የመሥሪያ ቤት ደመወዝን ነበር። ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የፌዴራል ጠበቆች ተባብረው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ብቻውን የሚሠራውም ቢሆን አንዱን ነጋዴ በወር ክፍያ ያማክራል፤ የሌላውን ክርክር በውል ይይዛል፤ ማመልከቻውን ከቤቱ ሆኖ ይጽፋል።

ይህ አሠራር ለጅጅጋና ለአካባቢዋ የሚስማማ ነው። ከቶጎ ውጫሌ የጠረፍ ንግድ የጉምሩክና የውል ጉዳይ ይነሣል፤ ከቀብሪበያህና ከሐርሺን የመሬትና የከብት ክርክር ይመጣል። በክልሉ ፍርድ ቤት በሶማልኛ የተጀመረው ነገር እስከ ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ሲደርስ በአማርኛ ይጻፋል። ስለዚህ ሁለቱን ቋንቋ አሳምሮ የሚያውቅ ጠበቃ ከብዙ ወገን ይፈለጋል።

አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ምክሩ ለጠበቃው መልካም ነው። ነገር ግን ባለጉዳዩን እናስብ። ከሐርሺን ግመሉን ለዘመድ አደራ ሰጥቶ ወደ ከተማ የመጣ አርብቶ አደር ያለው ባላ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ጠበቃው ነው። ጠበቃው ሌላ ሥራ ደርቦ ሳይዘጋጅ ቢቀርና ቀጠሮው ቢዛወር፥ ለጠበቃው የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ለአርብቶ አደሩ ግን የመንገድ ወጪ፥ የእንግድነት ቀንና የከብቱ ሥጋት ነው።

በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፥ በሔር፥ የሚዳኙ ሽማግሌዎች ነገሩ እስኪያልቅ ከዛፍ ሥር ቀን ቆጥረው ይቀመጣሉ። ሰዓታቸውን የሚቆጣጠር አለቃ የላቸውም፤ የሚይዛቸው የተቀበሉት አደራ ነው።

አንዳንድ ሰው «እንግዲያውስ ሁሉም በደመወዝ ተቀጥሮ በሰዓት ይግባ» ይል ይሆናል። እኔ አልስማማም። ከጠረጴዛው ሳይነሣ የባለጉዳይን መዝገብ ለወራት የሚያሳድር ደመወዝተኛ አለ። ደግሞም በሽማግሌዎቹ ሸንጎ በልማድ ቦታ ያልነበራት ሴት፥ ዛሬ ሕግ ተምራ ልጇን እያሳደገች በምትመርጠው ሰዓት መሥራት መቻሏ ለእርስዋም ለተበደሉት ሴቶችም ትልቅ በር ነው። ይህን በር መዝጋት ደግ አይደለም።

የሚያስፈልገው ልክን ማወቅ ነው። በደመወዝ ያለውን ሰው አለቃው ይጠይቀዋል፤ ሰዓቱ የራሱ የሆነውን ግን ከሁሉ በፊት ሕሊናው ሊጠይቀው ይገባል። ስለዚህ ከአቅሙ በላይ የመጣውን ጉዳይ ገንዘብ ሳይቀበል በጊዜ «አልችልም» ይበል። በትንሽ ከተማ በወር የሚያማክረው ነጋዴ ነገ የዚያ አርብቶ አደር ተከራካሪ ሊሆን ይችላልና፥ በሁለት ወገን አይቁም፤ የአንዱን ምሥጢር ወደ ሌላው አያሻግር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ሰዓቱን እንደ ልቡ የሚያዝዝ ሰው ከዚህ ቢያንስ ምን ምክንያት ይሰጣል?

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሕግ ተምረህ ብዙ ባላ ብትተክል ማንም አይነቅፍህም። ብቻ በእያንዳንዱ ባላ ላይ አንድ ሰው ተንጠልጥሎ እንዳለ አትርሳ፤ ልትሸከመው የማትችለውንም ሰው «ና፥ ተንጠልጠል» አትበለው።