ደርሷችሁ ለገባችሁ

ልጆቼ፣ ኢኮኖሚክስና ሒሳብ ከምትማሩት መካከል ብዙዎቻችሁ ትምህርቱን መርጣችሁት ሳይሆን ደርሷችሁ እንደገባችሁ አውቃለሁ። ሒሳብ የደረሰውን ልጅ ዘመድ ጎረቤቱ «ከማስተማር በቀር ምን ልትሠራበት ነው?» እያለ ያሸማቅቀዋል። ማስተማር ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ እሱ ብቻ አይደለም። ኢኮኖሚክስ የደረሰው ደግሞ ባንክ ቤት መቀጠርን ብቻ እያሰበ አራቱን ዓመት ይጨርሳል። ሁለታችሁንም የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፤ አንዳችሁ የሌላውን ትምህርት ተማሩ።

ኢኮኖሚክስ የምታጠኑ፣ በተለይ ፒኤችዲ የምትመኙ፣ ሒሳብን አትሽሹ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ አመልካች ሲመርጡ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ ላይ ምን ውጤት እንዳመጣ አጥብቀው ያያሉ፤ ሪል አናሊሲስ የወሰደ ከሆነማ ይበልጥ ደስ ይላቸዋል። የፒኤችዲው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት በቀመርና በፕሩፍ የተሞላ ስለሆነ ነው። በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጄራርድ ደብሩ (እ.ኤ.አ. 1983) እና ጆን ናሽ (እ.ኤ.አ. 1994) ሁለቱም የሠለጠኑት በሒሳብ ነበር። «ማቲማቲክስ ፎር ኢኮኖሚስትስ»ን በጭንቅ ካለፋችሁ በኋላ ደብተሩን የጣላችሁ ካላችሁ፣ መልሳችሁ አንሡት። ከሒሳብ ዲፓርትመንት አንድ ሁለት ኮርስ ጨምራችሁ ለመውሰድ ፈቃድ ጠይቁ፤ ካልተፈቀደላችሁ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ።

ሒሳብ የምታጠኑ ደግሞ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ ጨምሩበት፤ ፓይተን ወይም አር የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ለምዳችሁ ዳታ በራሳችሁ መተንተን ቻሉ። አገራችን ውስጥ በጣም ጥቂት ሰዎች ያሉበት አንድ ሙያ ልንገራችሁ፤ አክችዋሪ ይባላል። አክችዋሪ የሞት፣ የሕመምና የአደጋ ዕድልን አስልቶ፣ ኢንሹራንሱ ምን ያህል አረቦን መሰብሰብ፣ የጡረታ ፈንዱም ምን ያህል መያዝ እንዳለበት የሚወስን ባለሙያ ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት ፈተናዎቹን ደረጃ በደረጃ ይሰጣሉ፤ ሥራ እየሠሩ መፈተን ይቻላል። ጥናቱ ዓመታት ይወስዳል፤ ትዕግሥት ላለው ግን ሙሉ የሕይወት ሥራ ነው።

ዘመኑም ተለውጧል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ጥር 2017 ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። ለውጭ ባንኮችም በሩ በሕግ ተከፈተ። በቴሌብር ብድር ሲሰጥ፣ ማን እንደሚመልስና ማን እንደማይመልስ የሚገመተው በስታቲስቲክስ ነው። የአክሲዮን ዋጋ መገመት፣ የምንዛሪ ስጋትን ማስላት፣ የብድር ሞዴል መሥራት፣ እነዚህ ሁሉ ሁለቱን ትምህርት አጣምሮ የያዘ ሰው ይፈልጋሉ።

ስለ ድኅረ ምረቃ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ሥራ ስላጣችሁ ብቻ ማስተርስ አትግቡ፤ የምትጠይቁት ጥያቄ ሲኖራችሁ ግቡ። አገር ውስጥ ለመማር የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ ያስፈልጋል። ለሒሳብ ተማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬፕታውን አጠገብ የተመሠረተውና ኋላ ወደ ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩንና ሩዋንዳ የተስፋፋው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም አለ፤ ሰዎች ኤይምስ ይሉታል። ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ናይሮቢ የሚገኘውን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ጥናት ኅብረት ተከታተሉ። ኤምአይቲም በዳታና በልማት ኢኮኖሚክስ ላይ የኦንላይን ትምህርት ይሰጣል፤ የፈተናው ክፍያ እንደ ተማሪው አቅም ነው።

በአውሮፓ አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ይቀድማል፤ በአሜሪካ ግን ከመጀመሪያ ዲግሪ ቀጥታ ወደ ፒኤችዲ መግባት ይቻላል። ጥሩ የሚባሉት የኢኮኖሚክስና የሒሳብ ፒኤችዲዎች የትምህርት ክፍያውን ሸፍነው ወርሃዊ አበል ይሰጣሉ። ስለዚህ ቤተሰባችሁ ከብት ሸጦ ወይም ተበድሮ እንዲከፍል የሚያደርግ የፒኤችዲ ግብዣ ከመጣላችሁ፣ አትቀበሉት።

ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ 3 የመምህራን ደብዳቤ ይጠይቃል። ስማችሁን የማያውቅ መምህር ያገኛችሁትን ውጤት ከመድገም በቀር የሚጽፈው የለውም። እባካችሁ አራተኛ ዓመት እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ያልገባችሁን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ የመምህራችሁን ቢሮ አንኳኩ።