ሰው በሌለበት ስለ መታመን

ማንም ሳያየው የተሠራ ትንሽ ጥፋት፥ ማንንም ካልጐዳ ጥፋት ይባላልን? ይህን ጥያቄ በመጻሕፍት ባገኘሁት ቍጥር መልሱ ቀላል እየመሰለኝ አልፈው ነበር። የከበደኝ ግን በአሜሪካ አገር፥ በአሪዞና በረሓ፥ ባለጸጎች በሚጫወቱበት የጎልፍ ሜዳ አንድ ቀን በዋልሁ ጊዜ ነው።

ወደዚያ የወሰደኝ በፊኒክስ ከተማ ብዙ ዘመን የኖረው የአክስቴ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ወዳጁ ስኮትስዴል ውስጥ አባል ወደ ሆነበት ሜዳ ሁለታችንን ጋበዘን። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ጨዋታውን በጥቂቱ ለምጄዋለሁ፤ ዱላ አያያዜ ግን ዛሬም የገና ጨዋታ አያያዝ ነው።

ጎልፍን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ ነገሩ ትንሽ ነጭ ኳስ በልዩ ልዩ ዱላ እየመቱ 18 ጕድጓዶች ውስጥ በተራ ማስገባት ነው። አሸናፊው በጥቂት ምት የጨረሰው ነው። ከትልልቅ ውድድር በቀር ዳኛ የለም፤ ምቱን የሚቈጥረው መቺው ራሱ ነው። በእኛ የገና ጨዋታ ያጭበረበረ እንደ ሆነ ወዲያው ጩኸት ይነሣበታል፤ መንደሩ ሁሉ ያየዋልና። እዚህ ግን ኳስህ ቍጥቋጦ ውስጥ ገብታ ብቻህን ስትፈልጋት ከእንሽላሊት በቀር የሚያይህ የለም።

የበረሓ ሜዳ ደግሞ ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሪዞና የከርሰ ምድር ውሃ ሕግ መሠረት ከዚያ ወዲህ ለሚሠሩት ሜዳዎች የውሃ ልክ ስለ ተወሰነባቸው፥ ሣሩ እንደ ደሴት እዚህም እዚያም ተቈራርጦ ይታያል። በመካከሉ ያለው ጠጠር፥ ቋጥኝ፥ እሾህና ሳጓሮ የሚባለው ረጅም ቁልቋል ነው። ሳጓሮ የመጀመሪያውን ክንድ ለማውጣት ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ የዋሸሁት በዕድሜ አባቴን ሊስተካከል ከሚችል ቁልቋል አጠገብ ቆሜ ነው።

በዐሥራ አንደኛው ጕድጓድ ላይ ኳሴ ከሣሩ ወጥታ ከቋጥኝ ጀርባ ገባች። ሳገኛት ከእሾሃም ቍጥቋጦ ሥር ተወሽቃለች። መታሁ፤ አቧራው ቦነነ እንጂ ኳሲቱ ከስንዝር አልራቀችም። ደግሜ መታሁ፤ ወጣች። ጕድጓዱን ስንጨርስ ሽማግሌው እርሳሱን ይዞ፥ «ስንት?» አለኝ። «ስድስት» አልሁ። ሰባት ነበር። እርሱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ስድስት ብሎ ጻፈ።

ለምን እንደ ዋሸሁ ሳልሸሽግ ልናገር። ገንዘብ አልተወራረድንም፤ መጨረሻ እንደምወጣም አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ሰባት የሚለው ቃል አፌ ላይ ስለ ከበደኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ውሸት አንዳንድ ጊዜ ከትልቁ የባሰ አሳፋሪ ይመስለኛል፤ ትልቁን የሚዋሽ ሰው የሚያገኘው ጥቅም አለ፥ እኔ ግን እውነትን በባዶ ለወጥኋት።

በሚቀጥለው ጕድጓድ የሽማግሌው ኳስ ከረጅሙ ሣር ውስጥ ዐረፈች። ዱላውን ከኋላዋ አስጠግቶ ሊመታ ሲል ቀና አለና፥ «ነክቼ አነቃነቅኋት፤ አንድ ምት ጨምሩብኝ» አለ። ጋሼ፥ «እኛ ምንም አላየንም» ቢለው፥ «እኔ አይቻለሁ» ብሎ ጨዋታውን ቀጠለ።

ይህ ልማድ በጎልፍ ታሪክ የታወቀ ምሳሌ አለው። ቦቢ ጆንስ የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች በ1925 እ.ኤ.አ. ዉስተር በተባለችው የማሳቹሴትስ ከተማ በአሜሪካ ኦፕን ሲወዳደር፥ ሊመታት ሲዘጋጅ ኳሱ ስትነቃነቅ ከእርሱ በቀር አየሁ የሚል አልተገኘም፤ ሆኖም በራሱ ላይ አንድ ምት አስቈጠረ። በመጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጣና በመለያው ጨዋታ ተሸነፈ። ያች አንዲት ምት ባትቈጠር መለያ ባላስፈለገ ነበር። ሲያመሰግኑትም ደስ አላለውም፤ ሰው ባለመስረቁ ለምን ይመሰገናል የሚል ነበር ሐሳቡ።

እኔ ግን ምስጋና ፈልጌ ነበር። በዐሥራ ሦስተኛው ላይ ወደ ሽማግሌው ቀርቤ፥ «በዐሥራ አንደኛው የመታሁት ሰባት ነበር» አልሁት። ስድስቱን ሰርዞ ሰባት ጻፈና፥ «ተራው ያንተ ነው» አለኝ። ይኸው ብቻ። እስከ ዐሥራ አምስተኛው ድረስ ተቀይሜው ቈየሁ ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። ውሸቴን በነጻ ሰጥቼ እውነቴን በዋጋ ልሸጥ ኖሯል!

«ታዲያ ማን ተጐዳ?» የሚል ወጣት አይታጣም፤ እኔም በልቤ ብያለሁ። ነገር ግን ሽማግሌው ቀና ሳይል የጻፈው እኔን ዐውቆኝ አይደለም፤ ከተዋወቅን ገና ሦስት ሰዓት አልሞላንም። ያመነኝ ከእኔ በፊት ብቻቸውን ሆነው በትክክል የቈጠሩ ሰዎች ባጠራቀሙት እምነት ነው። እኔ ከዚያ ጐተራ አንድ እፍኝ ዘገንሁ። ጐተራው አልጐደለም፤ ባለቤቶቹ ግን እኔ አልነበርሁም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የውሃ መርጫዎቹ ተከፈቱ። ወሩ ኅዳር ነበር፤ የበጋው ሣር በብርድ ወራት ስለሚደርቅ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ እንዲቈይ ሌላ ሣር ይዘሩበታል፤ ይህም እስኪበቅል ብዙ ውሃ ይፈልጋል። አንዲት ምት የማታመልጠው ሰው ነውና ሽማግሌውን፥ «ይህ ሣር በቀን ስንት ይጠጣል?» አልሁት። ጥቂት አሰበና፥ «ጠይቄ አላውቅም» አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ መኪናውን እየነዳ ስለ ውሃው አጫወተኝ። ከኮሎራዶ ወንዝ ወደ ፊኒክስና ወደ ቱሳን ውሃ የሚያመጣው ቦይ 540 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሥራው በ1973 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ የተፈጸመው በ1993 ነው። በ2021 ነሐሴ ላይ መንግሥት በወንዙ ላይ የውሃ እጥረት መድረሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ዐወጀ። በ2023 መባቻም የስኮትስዴል ከተማ፥ ከወሰኑ ውጭ ላለች ሪዮ ቨርዴ ፉትሂልስ ለተባለች መንደር በቦቴ የሚጫነውን ውሃ አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ጊዜያዊ ስምምነት እስኪደረግ ድረስ የዝናብ ውሃ እያጠራቀሙ፥ ዕቃ ላለማጠብ በወረቀት ሳሕን እየበሉ የከረሙ ነበሩ። ለሜዳዎቹ ፍርድ እንዳናጓድል፥ በስኮትስዴል ብዙዎቹ የሚጠጡት ከየቤቱ የወጣ እድፍ ውሃ ተጣርቶ ነው። ያም ቢሆን ውሃ ነው፤ በዚያ አገር ሊውልበት የሚችል ሌላ ሥራ አይታጣም።

ሽማግሌውን ግብዝ ለማለት አልደፍርም። ወረቀቱ የሚጠይቀውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ነጥብ ቈጥሯል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ለውሃ የተሰመረ ዓምድ የለም። ታማኝነቱ ዓምዱ ባለበት ሁሉ ፍጹም ነበር። ዓምድ በሌለበት ቦታ ማን ይቈጥራል? ለማንስ ይነገራል? ይህን እያሰላሰልሁ ከጋሼ ቤት ደረስሁና፥ የበረሓውን አቧራ ላስለቅቅ ብዬ ገላዬን ልታጠብ ገባሁ። ሙቅ ውሃው ተስማማኝ። ምን ያህል እንደ ቈየሁ አላውቅም፤ ጋሼ በሩን አንኳኳና፥ «ኧረ አንተ ሰውዬ፥ ቈጣሪው እየሄደ ነው!» አለኝ።